ኮዱን ማን ይሸከም?

የአታሚ ቴሌግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የፈልሳፊዎች ስም ዝርዝር ይሆንና «ማን ቀደመ?» በሚል ሙግት ያልቃል። ለእኔ ይበልጥ የሚገልጠው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኮዱን የሚሸከመው ማን ነው፣ ሠራተኛው ወይስ ማሽኑ?

በሞርስ ዘዴ ሸክሙ የሰው ነበር። ላኪው ነጥብና ሰረዙን በቃሉ ያጠናል፤ ተቀባዩም በጆሮው እየፈታ በእጁ ይጽፋል። አሜሪካዊው ሮያል ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፊደል የሚያትም ማሽን አስመዘገበ። ሐሳቡን ለአውሮፓ መሥሪያ ቤቶች የሚበቃ ያደረገው ግን በኬንታኪ ሙዚቃ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ሂዩዝ ነው። የሙያው አሻራ በማሽኑ ላይ ይታያል፤ 28 ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ነጭና ጥቁር ናቸው። ፊደል የተቀረጸባቸው ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ በላኪው ሌላው በተቀባዩ ከተማ፣ እኩል ይሽከረከራሉ። ለአንድ ፊደል በሽቦው የሚያልፈው አንድ ምት ብቻ ሲሆን፣ የትኛው ፊደል እንደሚታተም የሚወስነው ምቱ የደረሰበት ቅጽበት ነው። ሠራተኛው ኮድ ከማጥናት ተገላገለ። ጎማዎቹ ከተዛነፉ ግን የሚታተመው ሌላ ፊደል ነው።

ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ኤሚል ቦዶ በ1874 ያስመዘገበው ዘዴ ሸክሙን መልሶ በጣት ላይ ጫነው። ቁልፎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ። ምክንያቱ የሽቦ ውድነት ነው፤ አንዱን መስመር ብዙ ሠራተኞች በየተራ እንዲጋሩት ማከፋፈያው ጊዜን ይሸነሽናል። ተራው እስኪደርስ ቁልፎቹ ይቆለፋሉ፤ ሲከፈቱ «ቀጭ» ይላሉ፤ ሠራተኛውም በዚያ ምት መጫን አለበት። የዛሬ ጸሐፊዎች ባለ አምስት ምልክቱን ኮድ የኮምፒውተር ቅድመ አያት እያሉ ሲያሞግሱት፣ የማሽኑ አካል የሆነውን ያን ሰው እምብዛም አያነሱትም። የፍጥነት መለኪያው «ቦድ» እንኳ የተሰየመው በፈልሳፊው ስም ነው።

ጣትን ነጻ ያወጣው የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዶናልድ መሪ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የታይፕራይተር ቁልፎችንና የሚበሳ የወረቀት ጥብጣብን ከአምስቱ ምልክት ጋር አገናኘ። መብሻው ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ለሚዘወተሩት ፊደሎች ጥቂት ቀዳዳ መደበላቸው። ብልህ ስሌት ነው፤ ግን በዚያው የአንድ ቋንቋ ልማድ በኮዱ ውስጥ ታተመ።

አምስት ምልክት የመምረጡ ዋጋ የሚገባው በፊደላችን ሲመዘን ነው። አምስት ምልክት 32 ቅንብር ብቻ ይሰጣል፤ ለላቲን ይበቃል፤ ለቁጥሩም መቀየሪያ ይጨመራል። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ የገጠማቸው ፊደል ግን፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ነው። ሠላሳ ሁለቱ ቅንብር ለመቀያየሪያ አንድም ሳይነካ ሰባት ጊዜ ቢደጋገም 224 ይሆናል። ከሀ እስከ ሆ ያለው አንድ ሙሉ ቤት ደጅ ይቀራል።