ቀመሩ ሲገለጥ

ዕቃ የሚያውቅ ሰው ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ሲገዛ ፊቱን አይቶ አይረካም። ይገለብጠዋል፤ ብየዳው የት እንዳረፈ፣ ጠርዙ ከውስጥ በኩል ተሞርዶ እንደሆነ ያያል። የኤክሴል ሺትም ጀርባ አለው። ኮንትሮልን ተጭኖ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ መንካት ነው፤ ቁጥሮቹ ይጠፉና የተሠሩባቸው ቀመሮች ይወጣሉ። አብዛኛው ሺት እዚህ ላይ ባለቤቱን ያሳፍራል።

የማያሳፍር አንድ ፋይል አውቃለሁ። አራዳ ውስጥ የሚሠራ የአንድ ሕንፃ የክፍያ ፋይል ነው። ያዘጋጀችው ኦፊስ ኢንጂነር አምስት ኪሎ የተማረች ናት፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ በኢንጂነሪንግ ኮሌጅነት ተቋቁሞ በኋላ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተባለው ግቢ። እዚያ የሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲቪል ልግባ፣ ኤሌክትሪካል፣ መካኒካል ወይስ ኬሚካል እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚታየው ድልድይና ግድብ ነው። ሲመረቅ ግን፣ በተለይ ሲቪሉን፣ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሳይት ላይ ያለች የቆርቆሮ ቢሮና አንድ ላፕቶፕ ነው፤ ቴክኦፍ (የሥራ ልኬት)፣ ባር ስኬጁል (የብረት ዝርዝር)፣ ፔይመንት (የክፍያ ሰነድ)። እንደ ቅጣት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ የመሐንዲስ እጅ ቶሎ የሚለየው እዚህ ይመስለኛል።

ከፋይሉ አንዲት መስመር ልውሰድ። 14 ኮለኖች፣ በእያንዳንዱ 8 ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ፣ የአንዱ ርዝመት 3.85 ሜትር። ድምሩ 431.2 ሜትር ይሆናል። ወደ ኪሎ ሲለወጥ ብዙ ሰው ከሠንጠረዥ ላይ 0.888ን ገልብጦ በእጁ ይጽፋል። እሷ ግን ከዲያሜትሩ ሴል ላይ አንስታ በራሱ አባዝታ ለ162 አካፍላዋለች። 162 ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የክብ ስፋት ቀመር በብረት ጥግግት፣ ማለትም በሜትር ኩብ 7850 ኪሎ፣ ተባዝቶ ሚሊሜትሩ ወደ ሜትር ሲመለስ የሚቀረው አካፋይ ነው። ስለዚህ ዲዛይኑ ተቀይሮ ባለ 12 ወደ ባለ 14 ቢዞር የምትነካው አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ኪሎው ራሱን ያስተካክላል። ውጤቱ 383 ኪሎ ገደማ።

ይበልጥ የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ዓምድ ነው። ፌሮ የሚሸጠው 12 ሜትር በሆነ ቤርጋ ነው። ከአንዱ ቤርጋ 3.85 ሜትር ሦስት ይወጣና 45 ሳንቲም ይተርፋል። የሚያስፈልጉት 112 ቁራጮች ናቸው፤ 37 ቤርጋ 111 ይሰጣል፣ ለአንዷ ቁራጭ ሲባል 38ኛው ይገዛል። ወደ ላይ የሚያጠጋጋውን ቀመር የተጠቀመችው ለዚህ ነው። 38 ቤርጋ 405 ኪሎ ይመዝናል። ኮንሰልታንቱ የሚያጸድቀው 383ቱን፣ ግዢ ክፍሉ የሚያወጣው የ405ቱን ነው። የ22 ኪሎው ልዩነት የራሱ ዓምድ ተሰጥቶት ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን «ብረቱ የት ገባ?» የሚል ጭቅጭቅ ይወልድ ነበር።

በግዢው ሺት የኪሎ ዋጋ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌሎቹ መስመሮች በሙሉ ወደዚያች ሴል ያያሉ፤ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት አድራሻዋ እንዳይንሸራተት በዶላር ምልክት ተቆልፏል። (አዲስ አበባ ውስጥ ወረፋ የሌለው ዶላር ይኸው ነው።) ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋን በየመስመሩ በእጁ የሞላ ሰው ምን ዓይነት ሳምንት እንዳሳለፈ መገመት አያቅትም።

የቀን ቆጠራዋ ደግሞ ሌላ ነው። ውሉ የሚታሰበው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መጓተትም የሚያስቀጣው በቀን ተቆጥሮ ነው። ኤክሴል ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ቢጽፉለት ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብለው ቢጽፉለት፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዋቀረ ከሆነ፣ ምንም ሳይል ሜይ 13 ያደርገዋል። የመጀመሪያው ስህተት ይታያል፤ ሁለተኛው ተደብቆ ይቀመጣል፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

እሷ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ሴል ለየቻቸው። ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ከሚገኘው ሙሉ ቁጥር ጋር ይደመራል፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ቀኑ። የሁለት ቀናት ውጤት ሲቀናነስ መሀል ያለው የቀን ብዛት ይወጣል። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ስለሆኑ የፈረንጆቹ 28ና 31 የሚጠይቁት ዙሪያ ጥምጥም እዚህ የለም። ከጳጉሜን 5 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ብዬ ፈተንኩት፤ 2 አለኝ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ልክ ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓመት ከፍ ሳደርጋቸው 1 አለ። ይህም ልክ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ደብተራ ቢያየው በሒሳቡ የሚከራከር አይመስለኝም።

የምነቅፈው አላጣሁም። ቀለም አብዝታለች፤ ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው አንድ ላይ ሲመጡ የትኛው ሴል በእጅ የሚሞላ፣ የትኛው በቀመር የሚወጣ እንደሆነ ለመለየት ዓይን ይደክማል። በእጅ ለሚሞላው ብቻ አንድ ቀለም ቢሰጥ ይበቃ ነበር። ሲታተም ደግሞ የመጨረሻው ዓምድ፣ ያውም ጠቅላላ ዋጋ የሰፈረበት፣ ለብቻው ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይሻገራል። ስፋቱን በአንድ ገጽ ልክ መወሰን የሁለት ጠቅታ ሥራ ነው።