ቃሉን የሚያነሣ አመክንዮ በምን ይመዘናል?

በተለመደው አመክንዮ አንዴ የተረጋገጠ ድምዳሜ አይሻርም፤ የፈለገው አዲስ መረጃ ቢጨመር ያው ነው። ሰው ግን እንዲህ አያስብም። ወፍ መሆኗን ሲሰማ «ትበራለች» ይላል፤ ፔንግዊን መሆኗ ሲነገረው ቃሉን ያነሣል። ይህን አስተሳሰብ በቀመር ለመያዝ ከተነሡት ቀደምት ሥርዓቶች መካከል የጆን ማካርቲና የሬይመንድ ራይተር ይገኙበታል፤ ሁለቱም በ1980 በአንድ መጽሔት ልዩ እትም ወጡ።

የፔንግዊኗን ፈተና የማያልፍ የለም። አዋቂ መዛኝ እዚያ ጊዜውን አያጠፋም።

የሚያንገዋልለው ስቲቭ ሃንክስና ድሩ ማክደርሞት በ1986 ያቀረቡት የዬል ተኩስ ነው። ፍሬድ በሕይወት አለ። ጠመንጃው ጥይት ይጎርሳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ይተኮሳል። «ነገር ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል፣ የሚለውጠው ካልመጣ» የሚለው ሕግ በቀመር ሲሰፍር ሁለት መልስ ወጣ፦ በአንዱ ፍሬድ ይሞታል፤ በሌላው ማንም ሳይነካው ጠመንጃው በቆይታው ባዶ ይሆንና ፍሬድ ይተርፋል። ከወትሮው ያፈነገጠው በአንዱ የፍሬድ ሞት፣ በሌላው የጠመንጃው መራገፍ ነው፤ ቀመሩ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥበት መንገድ አልነበረውም። የማካርቲም የራይተርም እዚሁ ተሰናከሉ።

ሁለተኛው መፈተኛ ረቀቅ ይላል፦ ሥርዓቱ ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ እንደ መነሻ ቢሰጡት ይናወጣል ወይ? ዴቪድ ማኪንሰን የራይተርን ሥርዓት በሁለት ሕጎች አጋለጠው። አንዱ «ሀ ሐሰት መሆኑ ካልታወቀ፣ ሀ እውነት ነው» ይላል። ሌላው «ሀ ወይም ለ መሆኑ ከታወቀ፣ ሀ እውነት መሆኑ ግን ካልታወቀ፣ ሀ ሐሰት ነው» ይላል። ከባዶ ሲነሡ ሀ ይገኛል፤ ሀ ካለ ደግሞ «ሀ ወይም ለ» አብሮ አለ። ይህንኑ በመነሻነት ጽፈው እንደገና ሲያስጀምሩት፣ ሀን የሚክድ ሁለተኛ መልስ ብቅ ይላል። አዲስ ነገር እኮ አልተነገረውም! ሳሪት ክራውስ፣ ዳንኤል ሌማንና መናኸም ማጊዶር በ1990 እንዲህ ያለውን መናወጥ የሚከለክል ደንብ ከመሠረታዊ መስፈርቶቻቸው ውስጥ አስገቡ።

በመስፈርት ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። ማይክል ጌልፎንድና ቭላዲሚር ሊፍሺትስ በ1988 ያወጡት የጽኑ ሞዴሎች ስልት ይኸው እንከን አለበት። ቢሆንም የጊዜ ሰሌዳና የሥራ ድልድል የሚያወጡ እንደ ክሊንጎ ያሉ ፕሮግራሞች የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ድልድል አውጪው ሁሉንም መነሻ በአንዴ አስገብቶ መልሱን ይወስዳል፤ ድምዳሜውን መልሶ ስለማያስገባ እንከኑ ላያገኘው ይችላል። መረጃ እየጨመረ ቀን ከቀን ለሚያመዛዝን ሥርዓት ግን መዛኙ ይህን እንከን በቀላሉ ማለፍ የለበትም።