ከኮርቻ የሚወድቁት

ስለ ካውቦይ ፊልሞች የተጻፈው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በጀግናው ላይ ነው። የሰፋሪውን ትምክህት፣ የነባሩን ሕዝብ መሬት መነጠቅ፣ በጠመንጃ የሚጸናውን ፍትሕ እያነሣ ይወቅሳል። ወቀሳው ተገቢ ነው። ይሁንና ሐያሲው የሚመለከተው ያንኑ ፊልሙ ተመልከቱ ብሎ ያዘዘውን ሰው ነው። ከአለቃቸው ትእዛዝ ተቀብለው፣ ሁለት ቃል ተናግረው፣ ገደል ሥር ከኮርቻ ስለሚወድቁት ጀሌዎች የሚጽፍ እምብዛም የለም። እኛም ብንሆን በልጅነታችን አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተን ጀግናውን ብቻ «አክተሩ» እንለው ነበር፤ ሌሎቹ የማይተውኑ ይመስል!

በ1903 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤድዊን ፖርተር ለኤዲሰን ኩባንያ ባዘጋጀው «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በተሰኘው የ12 ደቂቃ ያህል ፊልም ላይ የማንም ተዋናይ ስም አልተጻፈም። ጊልበርት አንደርሰን በዚያ ፊልም ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ ተጫውቷል። በዚያ ዘመን እንግዲህ ሁሉም እኩል ስም አልባ ነበር። የተዋናይ ስም ገበያ መሳብ ሲጀምር ግን አንደርሰን «ብሮንኮ ቢሊ» ተብሎ ኮከብ ሆነ፤ ጀሌው ባለበት ቀረ።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? በ1911 ቶማስ ኢንስ ይሠራበት የነበረው ኩባንያ፣ ክረምቱን በካሊፎርኒያ ያሳልፍ የነበረውን የ101 ራንች የፈረስ ትርኢት ቡድን ከነከብቱ ቀጠረ። ሌሎችም የከብት እርባታው ሥራ የነጠፈባቸው ላሞች ጠባቂዎች ተከተሏቸው። በኋላም በሆሊውድ የሰንሴትና የጋወር ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ የገዛ ባርኔጣቸውንና ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ የዕለቱን ቀጣሪ ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። ስፍራውም «ጋወር ገልች» የሚል የሹፈት ስም ወጣለት። በስደት አገር ለቀን ሥራ ማለዳ ተሰልፎ የጠበቀ አንባቢ ይህን ማዕዘን ሳያየው ያውቀዋል።

በ1930ዎቹ በተሠሩት የአንድ ሰዓት ያህል ርካሽ ፊልሞች ውስጥ ክፉው ሰው ራሱ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው ባለ አእምሮው ነው፤ ሱፍ ለብሶ ባንክ ውስጥ ይቀመጣል፣ የባቡር ሐዲዱ በማን መሬት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛውን የሙያው ሰዎች የውሻ ስም ሰጥተውታል፤ ክፋቱ ቶሎ እንዲታወቅ ገና ሲገባ ውሻ ይረግጣልና ነው ይባላል። ስም አልባዎቹ ጀሌዎች ከእርሱም በታች ናቸው። የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ውሸት፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። ባለ ባንኩ የሚመኘው ነገር አለው፤ ጀግናውም የሚበቀለው ደም አለው። ጀሌው ግን ለምን እንደሚከተል፣ በቀን ስንት እንደሚከፈለው፣ ቤት ይኑረው አይኑረው አይነገረንም። ምክንያት የሌለው ሰው ሲሞት ማንም አያዝንለትም፤ ስለዚህም ምክንያቱን መንፈግ ለድርሰቱ አስፈላጊ ሆነ። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፣ በጠዋቱ ቀረጻ ከወንበዴው ጋር የጋለበው ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ቀይሮ ከአሳዳጆቹ ጋር መጋለቡ ነው። ራሱን በራሱ ያሳድዳል!

ጆን ፎርድ በ1939 የሠራው «ስቴጅኮች» ከእነዚያ ርካሽ ፊልሞች እጅግ የላቀ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። አንድ የአፓቼ ተዋጊ ሠረገላውን በሚጎትቱት ፈረሶች ላይ ይዘላል፣ በጥይት ተመትቶ በኮቴዎቹ መካከል ይወድቃል፣ ሠረገላው በላዩ ያልፋል። ያ ሰው ያኪማ ካኑት ነው፤ በብዙ ፊልም የወንበዴ ጀሌ የነበረ። ቀጥሎ ጆን ዌይን ሆኖ ከፈረስ ፈረስ የሚዘለውም እርሱው ነው፤ ሟቹም ገዳዩም አንድ ሰው። ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። በ1967 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ዕድሜው 71 ደርሶ ነበር። በዚያው ፊልም በሞኑመንት ሸለቆ አፓቼ ሆነው የታዩት ናቫሆዎች ግን በገዛ አገራቸው፣ በሌላ ሕዝብ ስም፣ ያለ ስም ጋልበው አለፉ።