የደራሲው ዝምታና የማሽኑ መንተባተብ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው። የኮምፒዩተር ጨዋታ በርካሽ ማሽን ላይ ሲንተባተብ የሚሰጠው ፍርድ ይህንኑ ተረት ያስታውሰኛል። ምስሉ ሲፈስ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል ደርቆ ይቆይና ዘሎ ይቀጥላል። ተጫዋቹ ቢያማርር የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ኮምፒዩተርህ ደካማ ነው፤ ሌላ ግዛ»። ለመሆኑ ጥፋቱ ሁልጊዜ የማሽኑ ነውን? የሥራውንስ ጥፋት ማን ይመርምር?

በበኩሌ ይህ ጥያቄ ለጥገና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም። የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደ ዜማ ሁሉ በጊዜ ላይ የሚሠራ ጥበብ ነውና፣ ምቱ ሲሰበር የሚሰበረው ጥበቡ ራሱ ነው። እኔም በርካሽ ኮምፒዩተር የምጫወት ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ዳኝነቴ ከወገንተኝነት ፈጽሞ የጸዳ ነው አልልም። አንባቢ ማስረጃውን አይቶ ይፍረድ።

ምሳሌዬ «ኤልደን ሪንግ» ነው። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በ«ዘ ጌም አዋርድስ» የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ። ክብሩ አይበዛበትም። ገና በጅምሩ ተጫዋቹ ማርጊት ከሚባል ባላንጣ ጋር ይገጥማል። ማርጊት በትሩን ከፍ ያደርጋል፤ ግን አይመታም፤ ይቆያል። ተጫዋቹ ፈርቶ ቀድሞ ሲንከባለል ያን ጊዜ በትሩ ይወርድበታል። ይህ ቆይታ የደራሲው ነው። ጥሩ ተራኪ ከወሳኙ ቃል በፊት ዝም እንደሚል፣ ማርጊትም ዝም ይላል። ተጫዋቹ ያንን ዝምታ ማንበብ እስኪማር ይሞታል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይሞታል። ሞቱን የሚቀበለው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። በደራሲውና በተጫዋቹ መካከል ያለው ውል ይኸው ነው።

እንግዲህ ማሽኑ የራሱን ዝምታ ቢጨምርበትስ? ያን ጊዜ ተጫዋቹ የደራሲውን ቆይታ ከማሽኑ መንተባተብ መለየት ይሳነዋል። ሲሞት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። ይህ ደግሞ የእኔ ሐሜት አይደለም፤ አሳታሚው ባንዳይ ናምኮ ጨዋታው በወጣበት ሰሞን በፒሲ ላይ የምስሉ ፍጥነት እንደማይረጋጋ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

ታዲያ ይህ ጉድለት በግምገማዎች ላይ እንዴት ተሸሸገ? «በሰከንድ በአማካይ 60 ምስል» በሚለው ቁጥር ነው። በእኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ነገር ግን 59ኙ ምስሎች በግማሽ ሰከንድ ተግተልትለው ቢመጡና አንዱ ብቻውን ግማሽ ሰከንድ ቢያስጠብቅም አማካዩ ያው 60 ነው። ስኮት ዋሰን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ቴክ ሪፖርት» ላይ ይህንኑ አሳይቶ፣ መለካት ያለበት እያንዳንዱ ምስል የፈጀው ጊዜ ነው ብሎ ተከራከረ። እውነት አለው። ዓይን አማካይ አያይም።

ስለዚህ ከመፍረድ በፊት መንተባተቡ የማን እንደሆነ መለየት ያሻል። አዲስ አካባቢ ሲገቡ የሚመጣና የዲስኩ መብራት በዚያው ቅጽበት ያለ ዕረፍት የሚበራ ከሆነ፣ ማሽኑ ከዲስክ እየጠበቀ ነው፤ ጨዋታውን ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ይበጃል። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ትርፉን ወደ ዲስክ ያሸጋግራል፤ ብራውዘሩንና ሌላውን ፕሮግራም መዝጋት ነው። ራም የሚጨምር ሰውም ከአንድ ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ቁራጭ በየቦታቸው ቢያስገባ ይሻለዋል። የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ ሲጨናነቅ «ቴክስቸር» የሚለውን ሴቲንግ ዝቅ ማድረግ ነው። ፕሮሰሰሩ ከደከመ ደግሞ 60ን ማሳደድ ትቶ ጨዋታውን በ30 መገደብ ነው፤ በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ እኩል ስለሚታይ፣ ወጣ ገባ ከሚል 50 የተስተካከለ 30 ለዓይን ይጥማል። እስከዚህ ድረስ ያለው የባለማሽኑ ድርሻ ነው። ኤልደን ሪንግ ቢያንስ 12 ጊጋባይት ራም እንደሚጠይቅ በግልጽ ተጽፏል፤ 8 ይዞ የሚጫወት ሰው ደራሲውን ለመውቀስ አፉን የሚሞላ አይመስለኝም።

ሌላው ምልክት ግን ወደ ሠሪው ያመለክታል። አንድ ነበልባል ወይም ጭስ መጀመሪያ ሲታይ ምስሉ ቀጥ ብሎ፣ ሁለተኛ ሲታይ ካልተንተባተበ፣ ችግሩ ሼደር ነው። ሼደር ማለት ብርሃኑ፣ ድንጋዩ፣ ጭሱ እንዴት እንደሚሳል ለግራፊክስ ካርዱ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም ነው። በፕሌይስቴሽን ላይ ማሽኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀድሞ ተተርጉሞ ይመጣል፤ በፒሲ ግን ካርዱ ልዩ ልዩ ነውና ትርጉሙ የሚሠራው እያንዳንዱ ቤት ነው። ይህን በውጊያ መካከል የሚያደርግ ጨዋታ፣ እንግዳው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በርበሬ መፍጨት እንደሚጀምር ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በፒሲ የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሌላ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ በዚህ ረገድ ግን ተጫዋቹን መጀመሪያ ደጅ አስጠንቶ ሼደሩን አስቀድሞ ይተረጉማል። ደጅ መጥናት ያሰለቻል፤ ሆኖም በበትር ሥር ቆሞ ከመደንዘዝ ይሻላል።

ለክርክሬ ዋናው ምስክር ግን ስቲም ዴክ ነው። ይህች በእጅ የምትያዝ የቫልቭ ማሽን ኤልደን ሪንግ በወጣበት ዕለት ለገበያ ቀረበች፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋዋ 399 ዶላር ነበር። ጉልበቷ ከትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ጋር አይወዳደርም። የቫልቭ መሐንዲሶች ግን ጨዋታው አንዳንድ ቦታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እየፈጠረ ሜሞሪውን እንደሚያጨናንቅ ደረሱበት፤ በራሳቸው ሶፍትዌር በኩል እነዚህ እንዲቀመጡና ዳግም እንዲሠራባቸው አደረጉ። የተተረጎሙ ሼደሮችንም አስቀድመው ይልካሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? ደካማዋ ማሽን በዊንዶውስ ከሚሠሩት ብርቱዎቹ ያነሰ ተንተባተበች፤ የ«ዲጂታል ፋውንድሪ» ገምጋሚዎችም ይህንኑ መሰከሩ። እንግዲህ የጎደለው ጉልበት ነበርን? አልነበረም፤ ጥንቃቄ ነበር።

ኤልደን ሪንግ ታላቅ ሥራ ነው፤ ታላቅነቱም ከትችት አያስመልጠውም። ገጾቹ በተዘበራረቀ መጽሐፍ ላይ አንባቢውን «ዓይንህ ደካማ ነው» የሚል ሐያሲ የለም። የጨዋታ ሐያሲም ሥራውን መመርመር ያለበት ውድ ማሽን ላይ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ላይም ጭምር ነው። ያን ጊዜ ደካማው የትኛው እንደሆነ ይለያል።