ሲወድቅ ያየው ማን ነው?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ፀሐይ ብትጠልቅም ሙቀቱ ከአስፋልቱ አልለቀቀም። የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች ጥጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጎኔ ቡና የያዙት ጠና ያሉ ሾፌር ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተውታል። ከሞጆ ጀምሮ የሸርሎክ ሆልምስን ትረካ እያዳመጡ መጥተው፣ መተሐራን ሲያልፉ አጥፍተውታል።

«ምነው ጋሼ፣ አለቀ እንዴ?» አልኳቸው።

«ገደለዋ! ስንት ሌሊት አብሮኝ የነዳ ሰው፣ ገደል ከተተው። ሁለተኛ አልሰማም!»

በትሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲያዳምጠን የቆየ አንድ አፋር ጎልማሳ ቀና አለ። ሆልምስ ማን እንደሆነ አያውቅም። የሞት ወሬ ግን ሰምቷልና ሳይጠይቅ አያልፍም። «ሲወድቅ ያየው ማን ነው?» አለ።

ሾፌሩ አሰብ አደረጉ። «ጓደኛው ነው ያወራው።»

«እሱ አይቷል?»

ሾፌሩ ሲኒያቸውን አዙረው አዩት እንጂ አልመለሱም።

በዚያው ሳምንት ሰመራ ላይ ይህንኑ ታሪክ ለአንዲት የቋንቋ መምህርት አነሳሁላት። «እኔ ደግሞ የወደድኩት እዚያ ላይ ነው» አለችኝ። «እስከዚያ ድረስ እንቆቅልሽ ነበር የማነበው። እዚያ ላይ ግን ፈራሁለት።»

ሁለቱም ታሪክ ወዳጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው። ተወዳጅ የምርመራ ታሪክ ድንገት ሲመርር አንባቢ እንዲህ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ተከዳሁ ይላል፤ ሌላው ታሪኩ ገና አሁን በሰለ ይላል። እኔ ደግሞ ከሁለቱ ፍርድ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት እላለሁ፦ ማዘናችን ሌላ ነው፣ የሥራው መበላሸት ሌላ። ግሩም ሥራ አንጀት ሊያሳርር ይችላል፤ ደካማ ሥራም ሊያስለቅስ ይችላል። የሚለያቸው ምሬቱ ከታሪኩ ሥር መብቀሉ ወይም ከውጭ መለጠፉ ነው። ይህን ለመለየት የሚረዱኝን መለኪያዎች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው መለኪያ፦ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ነግሮናል?

ይህን መለኪያ የተማርኩት ከዳጉ ነው። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቆመው ወይም አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይናገራል። አድማጩ መልሶ ይጠይቃል፤ ነገ ይህንኑ ለሌላ የሚያደርሰው እሱ ነውና። ዳጉ ላይ የዋሸ ወይም የደበቀ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል፤ በበረሃ ውስጥ በተሳሳተ ወሬ ሰውም ከብትም ያልቃል።

ጥሩ የምርመራ ልብ ወለድ የሚያከብረው ይህንኑ ሕግ ነው። ደራሲው ሊያሳስተን ይችላል፤ ሊዋሸን ግን አይገባም። አርተር ኮናን ዶይል በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. ስትራንድ በተባለው መጽሔት ያወጣውን የሆልምስን «ሞት» በዚህ ዓይን ደግማችሁ እዩት። ሆልምስና ታሪኩን የሚተርከው ጓደኛው ዋትሰን አንድ ፏፏቴ አጠገብ ሳሉ፣ ዋትሰን በሐሰተኛ ደብዳቤ ተጠርቶ ወደ ሆቴሉ ይወርዳል፤ የታመመች እንግሊዛዊት አለች ተብሎ ነው። መታለሉ ሲገባው ወደ ፏፏቴው እየሮጠ ይመለሳል። የሚያገኘው የሆልምስን ምርኩዝ ነው፤ አለቱን ተደግፎ ቆሟል። ፏፏቴው ባራሰው ጥቁር አፈር ላይ የሁለት ሰው ዱካ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል፤ የሚመለስ ዱካ የለም። ዳር ላይ አፈሩ ተረጋግጦ ቦክቷል። ከአለቱ አናት ላይ የብር ሲጋራ መያዣ ያበራል፤ ከሥሩም ከማስታወሻ ደብተር የተቀደዱ ሦስት ገጾች ተቀምጠዋል፤ የሆልምስ የስንብት ቃል ናቸው።

እንግዲህ ዋትሰን ያየው ምንድን ነው? ምርኩዝ፣ ዱካና ደብዳቤ ነው። የሚወድቅ ሰው አላየም፤ አስከሬንም አላየም። ሞቱን የደመደመው እሱ ነው፤ እኛም አብረነው ደመደምን። ግመል በዱካ ሲፈልግ ያደገ ሰው ግን ያልተመለሰ ዱካ ሞት ማለት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ዱካው አለት ላይ ሲደርስ ሊጠፋ ይችላል። ዶይል በ1903 እ.ኤ.አ. ሆልምስን ሲመልሰው የሰጠው ምክንያትም ያው ነው፦ ገደሉ የገባው ጠላቱ ብቻ ነበር፤ እሱ ዱካ ላለመተው አለቱን ቧጥጦ ወጣ። በፏፏቴው ላይ ከተጻፈው አንድ ቃል መሰረዝ አላስፈለገም። የአዋሹ ጎልማሳ መጽሐፉን ሳያነብ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ።

ሁለተኛው መለኪያ፦ ምሬቱ ቀድሞ ተዘርቷል?

በዚህ መለኪያ ግን ያው የዶይል ታሪክ ይወድቃል። ሆልምስን የሚገጥመው ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ከዚያ በፊት በታተሙት ታሪኮች ስሙ አልተነሳም። የለንደን ክፋት ሁሉ አባት ነው የሚባለው ሰው በአንድ ታሪክ ውስጥ ተወልዶ፣ በዚያው ታሪክ ውስጥ ሞተ። ዶይል በሆልምስ ተሰላችቶ ነበር፤ ልቡ ያለው የታሪክ ልብ ወለዶቹ ላይ ነበርና ገጸ ባሕሪውን ሊገላገለው ፈለገ። ያ ችኮላ ይታያል። ከ20,000 በላይ የመጽሔቱ ደንበኞች ትተውት እንደሄዱ ሲነገር የኖረው ሆልምስ ስለሞተ ብቻ አይመስለኝም፤ ሞቱ ሳይታሰብ ከደጅ ስለመጣም ጭምር ነው። ሾፌሩ እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

ዘሩ ቀድሞ የተዘራበትን ማየት የሚፈልግ አጋታ ክርስቲን ይውሰድ። («መጋረጃ» የተባለውን የመርማሪዋን የፖይሮን መጨረሻ ያላነበበ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) ክርስቲ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው፣ በባቡር ላይ ስለተፈጸመ ግድያ በሚተርከው መጽሐፍ፣ ፖይሮ እውነቱን ካገኘ በኋላ ሌላ ከባድ ጥያቄ ፊቱ ይቆማል፦ ሕግ ያላገኘውን ወንጀለኛ ሰው ቢቀጣው ፍርዱ ምንድን ነው? መጽሐፉ መልስ ሰጥቶ ያልፋል፤ ጥያቄው ግን ከፖይሮ ጋር ይቀራል። ክርስቲ «መጋረጃ»ን የጻፈችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀምጣ በ1975 እ.ኤ.አ. አወጣችው። እዚያ ፖይሮ ሸምግሎ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ምርመራ ወዳደረገበት ቤት ይመለሳል። ሕግ የማይደርስበት ነፍሰ ገዳይ ሲገጥመውም በገዛ እጁ ይገድለዋል። ይህ እጅግ መራራ ነው፤ ግን ከባቡሩ ላይ የተነሳ ጥያቄ ነው፤ አርባ ዓመት ተጉዞ ደረሰ። ኒው ዮርክ ታይምስ ለፖይሮ፣ ለሌለ ሰው፣ በፊት ገጹ የሞት ዜና አውጥቶለታል። አንባቢ አለቀሰ እንጂ ተታለልኩ ማለት አልቻለም።

ሦስተኛው መለኪያ፦ ሟቹ ሰው ነበር?

ደካማ ደራሲ ታሪኩ ሲቀዘቅዝበት ሬሳ ይጨምራል። አንድ የሞተው ሦስት ይሆናል፤ ቢላዋው ይረዝማል፤ ማንም ግን ለቅሶ አይቀመጥም። እኛ አገር ሞት ድንኳን አለው፣ ዕድር አለው፣ ሠልስት አለው። ገጸ ባሕሪ ገድሎ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሰዎቹን ቡና እያጠጣ የሚያስቅ ደራሲ ምሬትን አላወቀም።

አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ጆርጅ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንባቢ ለዓመታት የወደዳትን የመርማሪውን የሊንሊን ሚስት፣ ነፍሰ ጡሯን ሄለንን፣ በገዛ ደጃፏ አስገደለቻት። ብዙ አንባቢ ተቆጣ። ጆርጅ ግን ሬሳውን ትታ አልሸሸችም። በቀጣዩ ዓመት ያወጣችው መጽሐፍ መርማሪዎቹን ወደ ዳር አድርጎ፣ ለዚያ ግድያ ወደ ተዳረገው የለንደን ድሃ ሰፈር ልጅ ሕይወት ይገባል። ይህን ያልወደዱ አሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ደራሲዋን አከብራለሁ። ያ ልጅም ሰው ነው፤ እሱም ከየት እንደመጣ መነገር አለበት ብላ ሙሉ መጽሐፍ ከፈለችለት። ሞት ዋጋው ይህን ያህል መሆኑን የሚያውቅ ደራሲ እንዲመርር ይፈቀድለታል።

አራተኛው መለኪያ፦ አሁንም እናስባለን?

ይህ አጭር ነው። ታሪኩ ከመረረ በኋላ ፍንጭ መሰብሰብ አቁማችሁ መደንገጥ ብቻ ከቀራችሁ፣ ደራሲው ውሉን አፍርሷል። ለራሳችሁ ይህን ጠይቁ፦ በመጨረሻዎቹ ሃምሳ ገጾች አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ገልጣችሁ አንድ ነገር አመሳክራችኋል? አዎ ካላችሁ ታሪኩ በሕይወት አለ።

አምስተኛው መለኪያ፦ ጨለማው አገር አለው?

በማታ፣ በዝናብና በጭጋግ ብቻ የሚያስፈራ መጽሐፍ ፍርሃትን ከለንደን ተውሷል። ሰመራ ላይ ሰው ከመንገድ የሚጠፋው በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ነጭ ብርሃን ይሆናል፤ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ከሎግያ በኩል የሚመጣ አንድ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ፊቱ ግን በሙቀቱ ጭልጭልታ አይለይም። በዚህ አገር ምስጢር የሚጻፍ ከሆነ፣ ሁሉም የሚታይበት ግን ማንም የማይለይበት ቀትር ያስፈልገዋል። አዋሽም እንዲሁ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር መንገደኞቹን ያሳርፍበት የነበረው ጣቢያ፣ ቡፌውና ባዶው ሐዲድ ለአንድ መርማሪ ታሪክ ከበቂ በላይ ናቸው። ምሬቱ ከቦታው ከመጣ አንባቢ ያምናል።

የራሳችን ሥራዎችስ?

በዚህ ሚዛን የእኛንም እንመዝን። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» የጨረሰ አንባቢ ቀጣዩን «ራማቶሓራ»ን የጠበቀው ብዙ ጥያቄ ይዞ ነበር። ሁለቱን እያነጻጸሩ ሰዎች ሲከራከሩ ስሰማ «የመጀመሪያው ይሻላል» ወይም «ሁለተኛው ይሻላል» ብቻ ሲባባሉ አዝናለሁ። የሚሻለው ጥያቄ የመጀመሪያው የዘራውን ሁለተኛው አጭዶታል ወይ የሚለው ነው። በቴሌቪዥንም «ሰው ለሰው» ሲታይ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እናቶች ስንት ጊዜ እንደረገሙት እናስታውሳለን። ያ እርግማን ምስጋና ነበር። ተመልካች የተቆጣው በክፋቱ እንጂ በደራሲዎቹ አልነበረምና። ቁጣችሁ ወደ ገጸ ባሕሪው ሲሄድ ሥራው ጥሩ ነው፤ ወደ ደራሲው ሲዞር ግን ቆም ብላችሁ ፍንጩን ፈልጉ።

ከመፍረዳችሁ በፊት

ካዘናችሁበት ቀን አትፍረዱ። መጽሐፉን ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት። ከዚያ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምራችሁ ሃያ ገጽ አንብቡ፤ ያ ምሬት እዚያ ውስጥ በአንድ ቃል፣ በአንድ ዝምታ፣ ሳይመለስ በቀረ አንድ ጥያቄ ተቀምጦ ታገኙት እንደሆነ እዩ። ካገኛችሁት ደራሲው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት። ካላገኛችሁት ቅሬታችሁ ልክ ነው፤ ስትናገሩም የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደጎደለ ንገሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ለአንባቢም ይሠራል።

ያን ምሽት አዋሽ ላይ የሆነውን ልጨርስ። የአፋሩ ጎልማሳ በትሩን አንስቶ ሄዷል። ሾፌሩ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥተው ወደ መኪናቸው ወጡ። ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ሌሊቱም ገና ነው። እኔ የቀረውን ታሪክ አልነገርኳቸውም። ሞተሩን አስነስተው ትንሽ ቆዩ፤ መስኮቱንም ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሬሳውን አላገኙትም አይደል?»

«አላገኙትም ጋሼ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።