ስለ «ባይተዋር ሆነው ይሞታሉ» ጥቂት አስተያየት

በአዲስ አበባና በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች የቀደመው ትውልድ «ዐረብ ቤት» ሲል ሱቅ ማለቱ ነበር። ስኳሩና ጨው፥ ላምባውና ክብሪቱ በጥቂት ሳንቲም የሚገኘው፥ እጅ ሲያጥርም በዱቤ የሚወሰደው ከዚያ ነበር። ይሁን እንጂ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ከየት እንደ መጣ፥ ማታ ሱቁን ሲዘጋም ስለ ማን እንደሚያስብ የጠየቀ ገዢ ጥቂት ነው። ጥያቄውን በልብ ወለድ መልክ ያነሣው ራሱ የዚያ ወገን ልጅ የሆነው ደራሲ፥ መሐመድ አሕመድ አብዱልወሊ ነው።

ደራሲው ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በአገራችን ተወልዶ፥ የልጅነት ትምህርቱን በአዲስ አበባ፥ ከፍ ያለውን በካይሮና በሞስኮ ተከታተለ። በየመን የዲፕሎማትነት ሥራ ሠራ፤ ታሰረም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመው አጭር ልብ ወለዱ፥ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባይተዋር ሆነው ይሞታሉ» ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለ ታተመ ዐረብኛ ለማያውቅ አንባቢም ይደርሳል።

የታሪኩ ዋና ሰው አብዱ ሰዒድ ይባላል። ሚስቱንና ልጁን በየመን መንደር ትቶ በስድስት ኪሎ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ለራሱ ሳይደላው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለቤት ማሠሪያ ወደ መንደሩ ይልካል። በዚህ መካከል ከአንዲት ኢትዮጵያዊት የተወለደ ልጅ «ያንተ ነው» ተብሎ ቢቀርብለት አልቀበልም ይላል። በመጨረሻም በመንደሩ ባሠራው ቤት ሳይኖርበት በሰው አገር ይሞታል። ልጁን የሚወስደው ዘመድ አይደለም፤ ራሱም ከሁለቱ ወገን የተወለደ አንድ ጸሐፊ ነው።

የድርሰቱ ብርታት አብዱን ክፉ ሰው አድርጎ አለማቅረቡ ነው። እንደ እርሱ ያሉትን ከአገራቸው ያወጣቸው ድህነትና የኢማሞቹ መንግሥት ግብር ነበር፤ ያም መንግሥት የወደቀው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ጅቡቲ ለደረሰ ሰው ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው ባቡር መንገዱን አቅልሎለታል። እንግዲህ ደራሲው የሚወቅሰው መሰደድን አይደለም። የሚወቅሰው ሰው ዛሬን ሁሉ ለነገ አበድሮ፥ በሚኖርበት ስፍራ ግን እንደሌለ ሆኖ መኖሩን ነው። ፍርዱንም በስብከት ሳይሆን በልጁ ያሳየናል። ቤቱን በሩቅ የሚሠራው እጅ፥ በደጁ የቆመውን ልጅ ይገፋል።

ጉድለትም አለበት። ሴቶቹን ይበልጡን የምናያቸው በአብዱ ዓይን ነው። በመንደር የቀረችው ሚስትና በአዲስ አበባ የወለደችው እናት ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ስፍራ ጠባብ ነው። የስደት ዋጋ ግን ከወንዱ ይልቅ በእነርሱ ላይ ስለሚወድቅ፥ ድርሰቱ ከተከፈለው ዕዳ እኩሌታውን ሳይቈጥር አልፏል ማለት ይቻላል።

የጸሐፊው ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ ታሪክ መስክሯል። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳና በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ብዙ የየመን ተወላጆች አገራችንን ለቀው ሄዱ። እዚህ «ዐረብ» ይባሉ የነበሩት የኢትዮጵያዊት ልጆች በየመን «ሙወለድ» ተባሉ፤ ይኸውም ንጹሕ የመናዊ ያልሆነ የሚል ንቀት ያለበት ስም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲከፋ ደግሞ ከየመን ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ነበሩ። አባት የጀመረውን መንገድ ልጅ ወደ ኋላ ተጓዘው።

ይህ ሁሉ ለፎንቆ ምኗ ነው የሚል ቢኖር፥ መልሱ ቅርብ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣት በኬንያ፥ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በዚያም በድሆች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይከፍታል፤ ሸቀጥ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ በዱቤ ይሸጣል፤ ገንዘቡንም ለቤት ማሠሪያ ወደ ሆሳዕናና ወደየመንደሩ ይልካል። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ የብዙ ባዕዳን ሱቅ ተዘርፏል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ትናንት ከባንኮኒው ፊት ቆመን ስኳር የገዛን እኛ፥ ዛሬ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመናል። አብዱ ሰዒድ የኛ ልጅ ሆኗል።

ስለዚህ መጽሐፉ ለተማሪዎቻችን በአማርኛ ቢቀርብ ጥቅሙ የላቀ ነው። መምህሩ ሲያስነብብ «አብዱ ስንት ብር ላከ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በኖረበት ሰፈር ማን ያውቀው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ሹሙም ከገንዘቡ ጋር የሚመጣውን ሰው ያስብ። ከደቡብ አፍሪካዊት እናት የተወለደ የሐዲያ ልጅ አንድ ቀን ፎንቆ ትምህርት ቤት ቢመጣ፥ ስሙ በመዝገብ የሚገባው የቤት ልጅ ሆኖ እንጂ በሌላ ቅጽል መሆን የለበትም። አብዱ ሰዒድ የነፈገውን ስም ለመስጠት እኛ ገና ጊዜው አላለፈብንም።