ቃሉን ማን አደረሰው?

ውድ ወጣቶች፣ ጉዳያችሁን በሌላ ሰው አፍ ልካችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ የላካችሁትን የማይመስል ሆኖ ሲመጣ፣ ቃሉ መንገድ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ ይቸግራል። ዛሬ የምንመለከተው መጽሐፍ ይህን ያሳየናል።

ሮበርት ሞሪሰን ወደ ቻይና የሄደ የመጀመሪያው ፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ነው። ካንቶን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1807 ሲሆን፣ ስሙ የሚነሳው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቻይንኛ በመተርጎሙ ነው። በ1816 የእንግሊዝ መንግሥት ሎርድ አምኸርስትን ወደ ንጉሠ ነገሥት ጂያቺንግ ሲልክ ሞሪሰን አስተርጓሚ ሆኖ አብሮ ሄደ። ስለዚያ ጉዞ የጻፈው ማስታወሻ በ1820 ለንደን ውስጥ ታተመ።

በዚያ ዘመን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚጻፍ ደብዳቤ ራሱ እጅ ይነሳ ነበር። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠራ ቃል ሲደርስ ግን መስመሩ ይቋረጥና ቃሉ በአዲስ መስመር፣ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ይጻፋል። ንጉሠ ነገሥቱ በቀይ ቀለም ይመልሳል። ከባሕር ማዶ የመጣ ስጦታ በቤተ መንግሥቱ ወረቀት ላይ ስሙ ግብር ነው፤ ያመጣውም ሰው ግብር አምጪ ይባላል። እንግሊዞቹ እንደ እኩያ የሚመጡ መስሏቸው ሳለ፣ ወረቀቱ ቦታቸውን አስቀድሞ ወስኖት ነበር።

ከመጽሐፉ እኔን በጣም የያዘኝ ሞሪሰን የአክብሮት ደረጃዎችን የሚዘረዝርበት ክፍል ነው። እጅ ለእጅ አጋጥሞ ሰላም ከማለት ይጀምርና በጎንበስ ማለትና በመንበርከክ አልፎ፣ ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባርን መሬት እስከ ማስነካት ይደርሳል። ከቻይና አማልክት አንዳንዶቹ የሚገባቸው ከዚህ ያነሰ ነው ይለናል፤ የመጨረሻው ስግደት ለሰማይና ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ያነበበ ሰው እዚህ ቆም ይላል። ነገር ግን አንቸኩል። መልእክተኛው አልሰግድም ያለው ስለ ንጉሡ ክብር ነው፤ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ግን ስለ አምላካቸው ነበር። ሁለቱን አናቀላቅል።

ነገሩን ያበላሸው ስግደቱ ብቻ አልነበረም። መልእክተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው ነሐሴ 29 ቀን 1816 ማለዳ ከቤይጂንግ ውጭ ወዳለው ቤተ መንግሥት ደረሱ። ወዲያው ግቡ ተባሉ። አምኸርስት ደክሞታል፤ የክብር ልብሱም ገና አልደረሰም። አይሆንም አለ። ሄሺታይ የተባለው ባለሥልጣን ግን ለንጉሠ ነገሥቱ እውነቱን አልነገረም፤ መልእክተኛው ታመመ አለ፣ ቀጥሎም ምክትሉ ታመመ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተናቀ ቆጥሮ በዚያው ቀን አባረራቸው። በኋላ እውነቱ ሲገለጥ፣ ባውቅ ኖሮ ቀኑን በለወጥኩ ነበር የሚል አዋጅ አወጣ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ እንዲሉ፣ ጥፋቱ በባለሥልጣናቱ ላይ ወረደ። ስለዚህ ያ አዋጅም ጸሐፊውን የሚጠብቅ ደብዳቤ እንደ ሆነ አስታውሰን እናንብበው።

እኔ ግን ሞሪሰንንም በዚሁ ዓይን ማንበብ ይገባናል እላለሁ። ከ1809 ጀምሮ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አስተርጓሚ ሆኖ ደመወዝ ይበላ ነበር። ኩባንያው በህንድ የሚያስመርተው ኦፒየም በቻይና ሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ በነጋዴዎች እጅ ወደ አገሩ ይገባ ነበር። መልእክተኞቹም የሄዱት ስለ ንግድ ነው። የጉዞው ታሪክ የተነገረን ከእነርሱ ወገን ቆሞ ነው፤ የቻይና ድምፅ የሚሰማው ራሱ ሞሪሰን በተረጎማቸው ጽሑፎች በኩል ነው። በሁለት መንግሥታት መካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ቃል ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፍተሻው ለሄሺታይ ብቻ አይደለም። ይህን ማለት የሞሪሰንን ድካም ማቃለል አይደለም። ሚስዮናዊን የምናከብረው ሥራውን መርምረን ሲሆን ክብሩ ይጸናል።

ታዲያ መጽሐፉ ለእኛ ምን አለው? የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 4 ወደ ጸጋው ዙፋን በድፍረት እንድንቀርብ ይጋብዘናል። ይህን ብዙ ጊዜ ስለሰማነው ቀሎብናል። ቃሉን መንገድ ላይ የሚያጣምም ባለሥልጣን፣ የክብር ልብስ ባለመድረሱ የሚዘጋ በር ምን ማለት እንደ ሆነ ያነበበ ሰው ግን፣ ሊቀ ካህናታችን ድካማችንን የሚያውቅ መሆኑን ዳግም ይሰማዋል።

እኛም ቃል አድራሾች ነን። የአንዲትን እኅት ችግር ለሽማግሌዎች ስናደርስ፣ የሽማግሌዎችን መልስ ለእርሷ ስንመልስ፣ ለራሳችን እንዲመች አሳጥረን ወይም ጨምረን ይሆን? በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ በዚህ ጥያቄ ተወያዩ። ሄሺታይ የፈራው አንድ ማለዳ ነበር፤ ያበላሸው ግን የወራት ጉዞ ነው።